ራሷን ገልጣ የገባችበት ዕለት

በልደታ ማርያም አጥቢያ በሠላሳ አምስት ዓመታት ውስጥ ከለበስናቸው ካባዎችና ከጋረድናቸው መጋረጃዎች እኩሌታው በአንዲት ሴት እጅ ያለፈ ነው ብል የሚቃወመኝ የለም። ይህች ሴት ደሚቱ ባፈና ናት። በሰፋችው ልብስ ላይ ስሟን አትጽፍም፤ የለበሰውም ካህን ብዙ ጊዜ የሰፊዋን ስም አያውቅም። እኔ ግን አውቃታለሁና በሕይወቷ ከሆነው ነገር አንዱን፣ የእኔም ስሕተት ያለበትን፣ እንዲህ ጽፌዋለሁ።

አባቷ አቶ ባፈና ከሰላሌ መጥተው የደብሩ ዘበኛ ሆነው ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን በስድስት ዓመቷ ፊደል እንዳስቆጥርላቸው እኔ ዘንድ አመጧት። ያኔ እኔም ገና ጢሜ በወጉ ያልበቀለ መምህር ነበርሁ። ደሚቱ ፊደሉን በቶሎ ለየች፤ ዓይኗ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ በመጽሐፉ ማኅደር ላይ ነበር። የቆዳውን ስፌት በጣቷ እየዳሰሰች ማን እንደ ሰፋው ትጠይቀኝ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከአንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባች፤ ከዚያ በኋላ መርፌ ከእጇ አልወጣም። ባል አግብታ ጊፍቲ የምትባል አንዲት ልጅ ወለደች። ባሏ ሲሞትባት ዳግመኛ ላለማግባት ከራሷ ጋር ቃል ገባች፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮም በወንድ ፊት ራሷን ገልጣ ታይታ አታውቅም። ጊፍቲ አድጋ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፤ በልደታ ኮንዶሚኒየምም ቤት ደረሳት። እናቷን አብራት እንድትኖር ብትለምናትም፣ ደሚቱ በጌጃ ሰፈር ያለችውን አንድ ክፍል ቤቷንና በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዋን ትታ አልሄደችም። ፎቅ ላይ የተሰፋ የከፋይ ካባ አይቼ አላውቅም ትል ነበር።

በ፳፻፫ ዓ.ም. መግቢያ ላይ የደብሩ ሰበካ አንድ ትልቅ ሥራ ሰጣት። በግንቦት ልደታ ታቦቱ ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ድባብ አርጅቶ ስለ ነበር፣ አዲስ እንድትሰፋ ታዘዘች። ውጩ ቀይ ከፋይ፣ ገበሩ ነጭ ሐር፣ ዙሪያው ወርቅማ ዘርፍ የሆነ ድባብ ነው። ደሚቱ ሥራውን በጥቅምት ጀመረች። በጥቅምት መጨረሻም በግራ እጇ ላይ አንድ ነገር ተሰማት፤ ወይም ትክክለኛውን ልናገር ካልሁ፣ ምንም አልተሰማትም። መርፌው ግራ ጣቷን ሲወጋት ደሟን በገበሩ ላይ ታያለች እንጂ ሕመሙ አይታወቃትም ነበር። ጠዋት ጠዋትም ራሷን እንደ ቀንበር የሚከብድ ሕመም ይይዛት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም።

የኅዳር ጽዮን ዕለት በቅዳሴ መካከል ከሴቶች መቆሚያ ወደቀች። ግራ እጇ ብቻውን ይንቀጠቀጥ ነበር። በዙሪያዋ የነበሩት የመሰላቸውን ነገር መገመት አያዳግትም፤ ወዲያው ወደ ጠበሉ ወሰዷት፤ ሰባት ቀንም ተጠመቀች። እኔ ጠበልን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ በጠበል የዳንሁ ነኝ። በስምንተኛው ቀን ግን ጊፍቲ እያለቀሰች መጥታ ምን ላድርግ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ጠበሉም ሐኪሙም የአንድ ጌታ አገልጋዮች ናቸውና አንዱን አገልጋይ አክብሮ ሌላውን ማባረር ጌታውን አያስደስትም ብዬ መለስሁላት። በማግሥቱ እናቷን ወደ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

በሲቲ ስካን በቀኝ በኩል፣ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ታየ። ቀዶ ሐኪሙ ለጊፍቲና ለእኔ ነገሩን ሳይሸፍን አስረዳን። እብጠቱ ከአንጎሉ ከራሱ ሥጋ የበቀለ ከሆነ ተቆርጦም ይመለሳል፤ ቀሪው ዕድሜ በወራት የሚለካ ይሆናል። አንጎልን ከጠቀለለው ሽፋን የበቀለ ከሆነ ግን ከነሥሩ ወጥቶ ሰውየው ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ውሃ ቋጥሮ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ከሽፋኑ በቅሎ ውሃ የሚቋጥረው ብርቅ ነው አለን። ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየው ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ በመሆኑ፣ መሣሪያው ካለበት ሄደን ፎቶውን እስክናመጣ ድረስ ቢላዋውን እንደማያነሣ ነገረን። እንግዲህ የደሚቱ ዕድሜ እብጠቱ ሥሩን የሰደደበትን ቦታ በማወቅ ላይ ተንጠለጠለ።

በዚያን ዘመን ይህ መሣሪያ በከተማችን በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ብቻ ነበርና ተራ እስኪደርሰን ጥር ተጋመሰ። በቀጠሮው ጠዋት ላጽናናት ወደ ጌጃ ሰፈር ሄድሁ። የክት ልብሷን ለብሳ፣ ነጭ ሻሿን አስራ፣ ጊፍቲ ታክሲ ይዛ እስክትመጣ ጊዜው እንዳይባክን ብላ ዘርፉን በከፋዩ ላይ ስታያይዝ አገኘኋት። ፍርሃት አይታይባትም ነበር። ከሞትሁ ድባቡ ሳያልቅ እንዳይቀር ብቻ ነው የምሰጋው አለችኝ።

በምርመራው ቤት በሱፍቃድ የሚባል ትሑት ወጣት መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ነበር። መሣሪያው እጅግ ብርቱ ማግኔት መሆኑን፣ በጨረር ሳይሆን በዚሁ ኃይል የውስጥን አካል እንደሚያሳይ፣ ስለዚህም አንዳች ብረት ወደ ክፍሉ መግባት እንደሌለበት አስረዳን። የጆሮ ጌጥ፣ ቀለበት፣ የፀጉር መቆንጠጫ፣ የጥርስ ብረት ይኖራት እንደሆነ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት እንደሆነም አንድ በአንድ ጠየቃት። የለም አለች፤ ከማተቧም ላይ መስቀሏን ፈትታ ለጊፍቲ ሰጠች። ቀጥሎ ሻሿን እንድታወልቅ ጠየቃት። ደሚቱ ወደ እኔ ተመለከተች።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቴ። ሴትየዋ ቃል ያለባት ናት፣ ሻሹም ከጥጥ የተሠራ ጨርቅ እንጂ ሌላ አይደለም፣ እባክህ ተዋት ብዬ ለመንሁት። ጥምጣሜንና ጢሜን አክብሮ እሺ አለኝ። ሻሹን ከላይ ዳሰሰው፤ ምንም አላገኘበትምና ከነሻሿ አስገባት። እኔም በልቤ ክብሯን ስለ ጠበቅሁላት ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ፎቶውን የሚያነቡት ሐኪም፣ ዶክተር ነጅማ፣ አስጠሩን። በዕድሜ ከጊፍቲ ብዙም የማይበልጡ፣ በአነጋገራቸው ግን የሰከኑ ሴት ናቸው። ፎቶውን ከብርሃኑ ላይ ሰቅለው አሳዩን። የቀረው አንጎል ጥርት ብሎ ይታያል። በቀኝ በኩል፣ እብጠቱ ከራስ ቅሉ ጋር በሚገናኝበት በዚያው ቦታ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነገር ሁሉንም ሸፍኖታል። ዙሪያውም እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ተጣሟል።

ዶክተር ነጅማ ይህ ሕመም እንዳልሆነና በአቅራቢያው ብረት ሲኖር ምስሉ እንዲህ እንደሚጠፋ ነገሩን። ማየት የፈለጉት ሽፋኑንና እብጠቱን የሚያገናኘውን ጠርዝ ብቻ ነበር፤ የጠፋውም እሱው ነው። በልጅነቷ በጭንቅላቷ የገባ የብረት ስባሪ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። የለም። ሻሹስ? ጊፍቲ፣ ጨርቅ ብቻ ነው፣ እኔው ነኝ የተኮስሁት አለች። ዶክተሯ በቀላል ራጅ አረጋግጠን ምርመራውን እንድገመው አሉ።

ደሚቱ ግን ከተቀመጠችበት ተነሣች። በቀስታ እንዲህ አለች፦ «እመቤቴ የሸፈነችውን እኔ አልገልጥም። አይታይ ከተባለ አይታይ።»

ጊፍቲ በመንገድ ሁሉ ለመነቻት። እኔም መከርኋት፤ አልሰማችኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የኔታዋን ያልሰማችበት ቀን ነው። ቤቷ ገብታ ከድባቡ ሥር ተቀመጠች፤ ከዚያም ቀንና ሌሊት ሳትለይ ትሰፋ ጀመር። ሥራዋን ጨርሳ ለመሞት የምትቸኩል ሰው መሆኗን ያየ ሁሉ ያውቃል። ግራ እጇ ከፋዩን አጥብቆ ስለማይይዝላት የገበሩ ስፌት በአንድ በኩል መጣመም ጀምሮ ነበር፤ እሷም ታየዋለች፤ ግን አልተረተረችውም። ደሚቱ የተጣመመ ስፌት ሳትተረትር ስታልፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህም ከንግግሯ ይልቅ አስፈራኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ሄድሁ። ጊፍቲ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከጎኗ ተቀምጣለች። ደሚቱ ሰላም ካለችኝ በኋላ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኔም እጇን እመለከት ነበር። ክሩን አሰረች። መቀሱን ለማንሣት ቀኝ እጇን ባዶ ማድረግ ነበረባት። ዓይኗን ከከፋዩ ሳታነሣ፣ መርፌውን ወደ ላይ አንሥታ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ በሻሿ እጥፋት ውስጥ ሰካችው፤ ክሩን ቆረጠች፤ መቀሱን አኖረች፤ እጇም ወደ እጥፋቱ ተመልሶ መርፌውን አወጣ። ይህ ሁሉ አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ስታደርገው የኖረችው ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜም አይቼዋለሁ፤ አይቼ ግን አላስተዋልሁም ነበር።

«ደሚቱ፣» አልኋት፣ «መርፌሽን አሁን የት አኖርሻት?»

«ይህችው እጄ ላይ ናት፣ የኔታ።»

«አሁን አይደለም። ክሩን ስትቆርጪ።»

እጇ በአየር ላይ ቆመ። ከዚያ ማንም ሳያዛት ወደ ቀኝ ጆሮዋ ሄደ፤ እዚያም ቀረ። ጊፍቲ አንዴ እናቷን አንዴ እኔን ተመለከተች፤ ብድግ ብላ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጩን የክት ሻሽ አወረደች። ከምርመራው ዕለት ወዲህ አልታሰረም። እጥፋቱን በብርሃኑ ላይ ስትዘረጋው፣ በሦስት ድርብ ጨርቅ ውስጥ በቁመቷ የገባች ቀጭን መርፌ ወጣች። በቀዳዳዋ ላይ የወርቅማው ክር ቁራጭ ገና አለ።

ደሚቱ መርፌዋን ተቀብላ በመዳፏ ላይ አኖረቻት። ለማንም ያልነገረችውን ነገርም ያን ጊዜ ነገረችን። በመሣሪያው ውስጥ ስትገባ በራሷ ላይ አንድ ነገር ሻሿን በቀስታ ወደ ላይ ስቦት ነበር። እጇን ማንሣት አልተፈቀደላትምና በልቧ ጸለየች፤ ያን ዕለት ማታም የመልአክ እጅ ነው፣ ተከተይኝ የሚለኝ ነው ብላ አሰበች። ጥቁሩን ምስል ባየች ጊዜ ሐሳቧ ጸና።

«ብረት አለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁሽ ለምን አልተናገርሽም፣ እማዬ?» አለች ጊፍቲ።

«መርፌ ብረት መሆኑን ማን ያስባል፣ ልጄ? እሷ ለእኔ ጣቴ ናት፤ ጣት አለሽ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ አለኝ እል ነበር።» ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ ሕመሟ የተመለሰ መስሎኝ ተነሣሁ፤ ለካስ እየሳቀች ነው። «አይ መልአክ! የዘጠኝ ቁጥር መርፌ ኖሯል።»

ጊፍቲም ሳቀች፤ ስቃ አለቀሰች። እኔ ግን ገና መሳቅ አልቻልሁም፤ የምናገረው ነገር ነበረኝና። ሻሹን እንዳታወልቅ የለመንሁት እኔ እንደሆንሁ፣ የእርሷን ክብር የጠበቅሁ መስሎኝ ሕይወቷን ልደብቅባት እንደ ነበር ነገርኋት። ይቅርታ ጠየቅኋት። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ በልማዳችን እምብዛም አይታይም፤ እሷም ደንግጣ ተንበርክካ ጉልበቴን ለመሳም ሞከረች። አልፈቀድሁላትም።

«ነገ ራስሽን ገልጠሽ ግቢ፤» አልኋት። «ቃልሽን የሰጠሽው ለባልሽ መታሰቢያ ነው። እግዚአብሔር ደግሞ ከሻሹ በታች ያለውንም እርሱ ነው የሠራው።»

ዶክተር ነጅማ ነገሩን በሰሙ ጊዜ በሱፍቃድን አልተቆጡትም፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም እሱን ጠየቅሁት። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም፤ መርፌዋ ከጨርቁ አምልጣ ቢሆን ኖሮ ግን በደሚቱ ዓይን ላይ ምን ልታደርግ ትችል እንደ ነበር ነገረን። ራሷን በራጅ አይተው ሌላ ብረት አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ዶክተሯ በሱፍቃድን መሣሪያውን በመስኮት በኩል ወደሚያንቀሳቅስበት ክፍል፣ እኔንም ወደ ኮሪደሩ አስወጡን። ጊፍቲ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ዶክተሯ ራሳቸው የደሚቱን ሻሽ በእጃቸው ፈትተው አጥፈው ያዙላት። «እኔም ፀጉሬን የምሸፍን ሴት ነኝ፣ እማማ። ይገባኛል፤» አሏት። ምስሉን የሚያደምቀውን መድኃኒትም በክንዷ ወጓት። ደሚቱም ሽበቷ ተገልጦ ወደ መሣሪያው ገባች። ይህን ጊዜ የሳባት ነገር አልነበረም።

ያን ቀን ወደ ቤት አልሰደዱንም፤ እዚያው አስቀመጡን። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ደሚቱ ሻሿን መልሳ አስራ በግራ እጇ ጣቶች ላይ የቀኝ እጇን ጣቶች ታሻሽ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የያዝሁት ጸሎት መካከሉ ጠፋኝ።

ዶክተር ነጅማ ሲወጡ ፊታቸውን አየሁና የጠፋኝ ጸሎት ተመለሰልኝ።

ምስሉን አሳዩን። ጥቁሩ ነገር የለም። እብጠቱ ከነውሃ ከረጢቱ ተገልጦ ይታያል። በእሱና በአንጎሉ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ የውሃ መስመር ያልፋል፤ ይህ መስመር እብጠቱ አንጎሉን ገፍቶት እንጂ ሰርስሮት እንዳልገባ ያመለክታል አሉ። ከዚያም ጣታቸውን ወደ ራስ ቅሉ አቅራቢያ ወሰዱ። በመድኃኒቱ የደመቀው ሽፋን ከእብጠቱ ሥር ተነሥቶ፣ እየቀጠነ እየቀጠነ፣ እንደ ጭራ ተስቦ ይጠፋል።

«ሥሩ እዚህ ነው፤» አሉ። «ከሽፋኑ ነው የበቀለው። ውሃ የሚቋጥረው ይህ ዓይነት ብርቅ ስለሆነ ሲቲው አሳስቶናል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ወጥቶ በላቦራቶሪ ሲታይ ነው፤ ግን እኔ ያየሁት ይህንን ነው።»

ደሚቱ ወደ ምስሉ ቀረበች። እንደ ልማዷ ዓይኗን አጥብባ ጠርዙን ተከተለች፤ ማኅደሬን የዳሰሰችው የስድስት ዓመት ልጅ ትዝ አለችኝ።

«ገበሩ ላይ ነው ማለት ነው?»

ዶክተሯ አልገባቸውም ነበርና ጊፍቲ እናቷ ልብስ ሰፊ መሆኗን አስረዳቻቸው። ፈገግ አሉ። «አዎ፣ እማማ። ገበሩ ላይ ነው። ጨርቁን አልነካውም።»

«እንግዲያስ ይተረተራል፤» አለች ደሚቱ፤ ተመልሳም ተቀመጠች። ከጥቅምት ጀምሮ በትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ በዓይኔ አየሁት።

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። እብጠቱ ከነሥሩ ወጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የላቦራቶሪው ቃል መጣ፤ በቀስታ የሚያድግ፣ የማይዛመት ዓይነት ነው፤ ዶክተር ነጅማ ያዩት ትክክል ነበር። ግራ እጇ ወዲያው አልተመለሰላትም። በፋሲካ ሰሞን አንድ ቀን መርፌ ሲወጋት «ኧረ!» ብላ ጮኸች፤ ጊፍቲ ደንግጣ ስትሮጥ እናቷ ደም የያዘ ጣቷን ወደ ላይ ይዛ ስትስቅ አገኘቻት። አመመኝ፣ አመመኝ እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየች። አንድ ሰው በመታመሙ ያ ሁሉ ቤት ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ነው።

እስከ ዛሬ በየዓመቱ ለክትትል ወደዚያ ምርመራ ቤት ትሄዳለች። በሱፍቃድ ከዚያ ወዲህ ማንንም ሴት ሲያስገባ ከጆሮ ጌጡና ከቀለበቱ ቀጥሎ መርፌ ይጠይቃል ይባላል። እሷን ሲያይ ግን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ገና ከበሩ ላይ ሻሿን ፈትታ፣ አራግፋ፣ ለዶክተሯ ትሰጣለች።

ድባቡ በግንቦት ልደታ ዋዜማ አለቀ። በሕመሟ ወቅት የተጣመመውን የገበሩን ስፌት እንድትተረትረው አስታወስኋት፤ እምቢ አለች። ውጩ ለሕዝቡ ነው፣ ውስጡን የሚያዩት ከበታቹ የሚቆመው ካህንና የላከኝ ጌታ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በምን ቀን እንደ ሰፋሁት ያውቃሉ አለችኝ።

በማግሥቱ ታቦቱ ሲወጣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆማ ነበር። ካፊያ ይወርድ ነበር፤ ዘርፉ በነፋሱ ይወዛወዛል። ድባቡ በፊታችን ሲያልፍ ቀኝ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ጆሮዋ ከፍ አለ፤ በእጥፋቱ ውስጥ ግን መርፌ አልነበረም። ጣቶቿ ከጨርቁ በታች የሐኪሙን የስፌት ጠባሳ አገኙ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍም ዳሰሱት።

«የኔታ፣» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሰውየው ሲሰፋ ርቀት ያበዛል። ግን ይዟል።»

እልልታው ከፍ አለ፤ እሷም እጇን አውርዳ አብራ እልል አለች።